የአንገት ጽሕፈትና አንባቢዎቹ

ንቅሳት በመርፌ ወይም በእሾህ ጫፍ ተወግቶ፣ በጥላሸት ጠቁሮ፣ በሰው ገላ ላይ የሚቀር ምልክት መሆኑን ማንም ያውቃል። ብዙ ያልተመረመረው ሌላው ነገር ነው። ምልክቱ በተነቀሰችው ሴት ገላ ላይ ሳይለወጥ ሲኖር፣ ስለ እርሷ የሚነገረው ግን በየዘመኑ ይለዋወጣል። አንዲት የላስታ ወይም የጋይንት ሴት ገና በልጅነቷ ለውበቷ ስትል የተነቀሰችው ንቅሳት፣ ልጆች ስትወልድ የኋላ ቀርነት ምልክት ተባለባት፤ ልጆቿ ሲያድጉ የበሽታ መተላለፊያ ተባለ፤ ፀጉሯ ሲሸብት ደግሞ «ባህላዊ ቅርስ» የሚል ስም ወጣለት። ሴትዮዋ ያችው ናት፤ መስመሩም ያው ነው። እንግዲህ የንቅሳትን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው የተነቀሱትን ብቻ ሳይሆን ንቅሳቱን ያነበቡትንም መመርመር ይኖርበታል።

አስቀድመን ስለ ሙያው ጥቂት እንበል። በሰሜኑና በማዕከላዊው የአገራችን ደጋ፣ በትግራይ፣ በወሎ፣ በጎንደርና በጎጃም፣ ንቅሳት በአመዛኙ የሴቶች ሥራ ነበር፤ የምትነቅሰውም የምትነቀሰውም ሴት ናት። ነቃሿ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ባለሙያ ስትሆን፣ ልጃገረዶች ባሉበት ቤት ተጠርታ ወይም በገበያ ቀን ተፈልጋ ትሠራለች። ከምጣድ ሥር ወይም ከኩራዝ የተጠረገ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ይበጠበጣል። በስንደዶ ጫፍ ንድፉ በገላው ላይ ይሣላል። ከዚያ በኋላ አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች ወይም ሹል እሾህ ንድፉን እየተከተለ ይወጋል፤ ደሙ ይጠረጋል፤ ጥላሸቱ እንደገና ይታሻል። አንገቱ ለቀናት ያብጣል፤ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱ ሲረግፍ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ የሚመታ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል።

ይህ መስመር ለምን ዕድሜ ልክ እንደሚኖር የታወቀው በቅርቡ ነው። ጥላሸቱ የሚያርፈው እየተገፈፈ በሚታደሰው በላይኛው ቆዳ ላይ ሳይሆን ከዚያ በታች ባለው ንጣፍ ነው። በዚያም ባዕድ ነገርን የሚውጡ የሰውነት ሕዋሳት ውጠው ይይዙታል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት እንደታየው፣ እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ ቀለሙን ይለቁታል፤ ተተኪዎቹም ወዲያው ይውጡታል። ስለዚህ ንቅሳት እንደ ድንጋይ ጽሕፈት ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ገላው ራሱ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው እያስረከበ የሚጠብቀው ነው።

ንድፉ እንደ ቦታው ይለያያል። በግንባር ላይ መስቀል አለ፤ በአገጭ መስመር ላይ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ በእጅ ጀርባ፣ በክንድና በቁርጭምጭሚት ላይም ይነቀሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአንገቱ ነው። በረድፍ የተሰለፉ መስመሮች፣ ነጥቦችና መስቀሎች ከሩቅ ሲያዩአቸው የማይወልቅ ድሪ ይመስላሉ። ብርና ወርቅ ለሌላት የገበሬ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ወላጆቿ ሊገዙላት የማይችሉትን ጌጥ በሥቃይዋ ገዝታ፣ ሌባ የማይሰርቀው፣ ባልም ሲፈታት የማይካፈላት ንብረት ታደርገዋለች። ድድ መነቀስም ነበር፤ ጥቁሩ ድድ የጥርሱን ንጣት ያወጣዋል፤ ድዱንም ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። በዘፈን ውስጥ አንገት ሲወደስ ንቅሳቱ አብሮ የሚወደሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጌጥ ብቻ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። በደጋው አገር እንቅርት የተለመደ ሕመም በመሆኑ፣ አንገትን መነቀስ እንቅርትን ይከላከላል ወይም ያሳንሳል የሚል እምነት በብዙ ቦታ ነበር። እንቅርት የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት ስለሆነ መድኃኒቱ አዮዲን ያለበት ጨው እንጂ መርፌ አይደለም። ይሁን እንጂ እናት ልጇን ስታስነቅስ ስለ ውበቷም ስለ ጤናዋም አስባ እንደነበር ልብ ይሏል። ንቅሳት «ምን ይላል?» ቢባል፣ በመንደሩ ውስጥ የሚለው ይህን ነበር፦ ይህች ልጅ የምታስብላት እናት አለቻት፤ ሥቃይን ትችላለች፤ ክርስቲያን ናት፤ ለአካለ መጠን ደርሳለች።

ምልክቱ በአካባቢያችን ምን ያህል ጥንታዊ ነው? በአባይ ሸለቆ ያሉት ማስረጃዎች ሩቅ ይወስዱናል። በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኙት፣ ከላይኛው ግብፅ ከገበሌን የተወሰዱ ሁለት ድርቅ አስከሬኖች ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ምርመራ በወንዱ ክንድ ላይ የዱር በሬና የዱር በግ፣ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ደግሞ የተጠማዘዙ መስመሮች ተነቅሰው ተገኝተዋል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን ሌላ ነው። በሱዳን ከአባይ ዳር የተገኘ፣ ከ1300 ዓመት ገደማ በፊት የኖረች የክርስቲያን ኑብያ ሴት አስከሬን በጭኗ ላይ የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል ስም በግሪክ ፊደላት ተጠላልፎ ተነቅሶባታል። ይህም ማንም በማያየው ቦታ የተነቀሰ ነው። ከእኛ ደጋ ነቃሾች ጋር የሚያገናኛት ቀጥተኛ ሐረግ አለ ለማለት አይቻልም፤ በጎረቤት አገር የምትኖር የአንድ እምነት ሴት እምነቷን በገላዋ ላይ እንደጻፈች ግን ያሳያል። ይህ ሁሉ ሲሆን በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ገላን መንቀስ የሚከለክል ቃል ተጽፎ ነበር። መጽሐፉን የሚያነቡት ካህናት፣ የሚነቀሱት ደግሞ ማንበብ ያልተማሩ ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱም በአንድ ደብር ሲያስቀድሱ ኖረዋል።

የውጭ ሰዎች በኢትዮጵያውያን ገላ ላይ ያለውን ምልክት ማንበብ ሲጀምሩ የሆነው እጅግ አስገራሚ ነው። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ፣ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ አውሮፓውያን ፊታቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ምእመናን ባዩ ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች በውሃ ብቻ ሳይሆን በእሳትም ይጠመቃሉ፤ በጋለ ብረት ይተኮሳሉ የሚል ወሬ ጻፉ። በማቴዎስ ወንጌል ያለውን በመንፈስ ቅዱስና በእሳት የማጥመቅ ቃል ለዚህ ትርጉም ማስረጃ አደረጉት። ወሬው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ዘመናት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ጉዳዩን አጣራ። በ1540 በሊዝበን በታተመው መጽሐፉም ምልክቶቹ ከእሳትም ከጥምቀትም ጋር ግንኙነት የሌላቸው፣ በቀዝቃዛ ብረት ተቆርጠው ለጌጥ የሚደረጉ መሆናቸውን መሰከረ። የነጭ ሽንኩርት ፍንካች በገላው ላይ ተቀምጦ ዙሪያው በስለት እንዴት እንደሚቆረጥ እንኳ ሳይቀር ጽፏል። አልቫሬዝ ያየው ጠባሳ እንጂ ዛሬ ንቅሳት የምንለው አይደለም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። መቶ ተጓዦች አይተው በሃይማኖት የተረጎሙትን እርሱ ባለቤቶቹን በመጠየቁ ብቻ ተረዳው።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስም ከጠያቂዎቹ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ በትግራይ ተቀምጦ እንደ አገሬው ለብሶ የኖረው ይህ ሰው በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ንቅሳትን እንደ ሙያ ገልጾታል። ወንዶች ቢነቀሱ በክንዳቸው ላይ አንድ ምልክት እንደሚበቃቸው፣ ሴቶች ግን ገላቸውን በመስመር፣ በኮከብና በመስቀል እንደሚያስጌጡ፣ ነቃሿም የቀለም ማሰሮዋን፣ የብረት መርፌዋን፣ ክብ የምታትምበትን ቀጭን ሸምበቆና እንደ ብሩሽ የምትይዘውን ገለባ ይዛ እንደምትሠራ እርሱ ባይጽፈው ኖሮ የዘመኑን የሙያ ዕቃ በዚህ ዝርዝር ማወቃችን ያጠራጥር ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ንቅሳትን በክፉ ማንበብ የጀመረው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ከአገራችን ውጭ ያለ ስለሆነ ጥቂት ወጣ ማለት ግድ ይሆናል። ጥንታውያን ግሪኮች በመርፌ ተወግቶ የሚቀረውን ምልክት «ስቲግማ» ይሉት ነበር። እነርሱም፣ በኋላ ሮማውያንም፣ ከጌታው የኮበለለን ባሪያና ወንጀለኛን በዚህ ምልክት ይለዩ ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች «የውርደት ምልክት» ማለት ሆኖ የቀረው በዚህ የተነሣ ነው። ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ316 ባወጣው ሕግ የተፈረደበትን ሰው በፊቱ ላይ መንቀስን ከለከለ፤ ፊት የሰማያዊ ውበት አምሳል ነው በሚል ምክንያት። እጅና እግር ግን አልተከለከለም። በዘመናዊው ጊዜ ደግሞ ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 ባሳተመው መጽሐፉ የእስረኞችን ንቅሳት ቆጥሮ ንቅሳት የተፈጥሮ ወንጀለኛ ምልክት ነው አለ። ስሕተቱ ግልጽ ነው፤ ወታደሩም መርከበኛውም ይነቀሱ ነበር። እርሱ ግን ያሻውን ለማግኘት ወደ ወህኒ ቤት ሄዶ ቆጠረ።

ከሁሉ የሚያስተምረው የጃፓን ጉዳይ ነው። የሜይጂ መንግሥት በ1871 በሰሜን የሚኖሩትን የአይኑ ሕዝብ ሴቶች በከንፈራቸው ዙሪያ የሚነቀሱትን ጥንታዊ ንቅሳት፣ በ1872 ደግሞ በመላው አገር ንቅሳትን ከለከለ። አንዱ ምክንያት የምዕራብ ሰዎች እንደ አረመኔ እንዳያዩን የሚል ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1881፣ የብሪታንያ ንጉሥ የሆነው ጆርጅ 5ኛ ገና ወጣት ልዑል ሳለ በመርከብ ጃፓን ደርሶ በክንዱ ላይ ዘንዶ ተነቀሰ። ለጃፓኑ ሠራተኛ ወንጀል የሆነው ለእንግዳው ልዑል የጉዞ ማስታወሻ ሆነ። ክልከላው የተነሣው በ1948 ነበር፤ ነቃሽ የሐኪም ፈቃድ እንደማያስፈልገው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ደግሞ በ2020 ነው።

በእኛ አገር ንቅሳትን የሚከለክል እንዲህ ያለ ዐዋጅ አልወጣም። አላስፈለገም፤ ትምህርት ቤትና ከተማ ሥራውን ሠርተውታል። የተማረው ወገን፣ ከአብዮቱ በፊትም በኋላም፣ ሰውነትን የሚመለከት ልማድን ሁሉ «ጎታች ልማድ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ የመክተት ዝንባሌ ነበረው። ይህ ጸሐፊም ከዚያ ወገን ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር በጋይንት አንድ ቀበሌ ተመድቤ በገበሬዎች ማኅበር ዳስ ውስጥ ጎልማሶችን አስተምር ነበር። ከፊደል ቀጥሎ ስለ ንጽሕና የምንሰጠው ትምህርት ነበረና፣ አንድ ቀን እንጥል ማስቆረጥን፣ ግግ ማስወጣትንና ንቅሳትን በአንድ ረድፍ በሰሌዳው ላይ ጽፌ ሦስቱም የኋላ ቀርነት ምልክቶች ናቸው አልኩ። ከፊት የተቀመጡት እናቶች አንገታቸው በሙሉ የተነቀሰ ነበር። ከእነርሱ አንዷ፣ ፊደሉን ከሁሉ ቀድመው የለዩት፣ እጃቸውን አንሥተው «እሺ ልጄ፤ እንግዲያ በምን ይለቃል?» አሉኝ። ጥያቄው የስላቅ አልነበረም። ይለቃል ብላቸው ኖሮ ያን ዕለት ለማስለቀቅ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። መልስ አልነበረኝም፤ ወደሚቀጥለው ትምህርት አለፍኩ። በሚቀጥለው ቀን አንገታቸውን በነጠላ ጠምጥመው መጡ፤ ከእርሳቸውም ሌላ ሁለት ሴቶች።

በዚያ ዕለት ያስተማርኩት ሁሉ ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። ባልጸዳ ስለት እንጥል ማስቆረጥ ሕፃናትን ይገድል ነበር። ንቅሳትም ቢሆን አንድ መርፌ ከአንዷ አንገት ወደ ሌላዋ ሲዘዋወር የጉበት ቁስለት ይዞ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ ደግሞ በጋራ መርፌ መጠቀምን ማስጠንቀቅ ግዴታ ሆነ፤ ንቅሳትም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ጎጂው መርፌው ነበር እንጂ መስመሩ አልነበረም፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተነቀሰች ሴት ለማንም አደጋ አልነበረችም። በየፖስተሩና በየስብሰባው ግን ይህን ለይቶ የነገራት አልነበረም። ስለ መርፌው የተነገረው ስለ እርሷ የተነገረ ሆኖ ቀረ። በከተማ ግንባሯ ላይ መስቀል ያላት ሴት ከመናገሯ በፊት «የገጠር ናት»፣ «ያልተማረች ናት» ተብላ ተመድባለች። የቤት ሠራተኛ ወይም ጉሊት ቸርቻሪ ካልሆነች በስተቀር በዚያ ፊት ሌላ ሥራ ትሠራለች ብሎ የሚገምት አልነበረም።

አገር ለቀው በሄዱት ላይ የደረሰው ከዚህም የከበደ ነው። በጎንደርና በትግራይ የኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች እንደ ጎረቤቶቻቸው ይነቀሱ ነበር። ከእነርሱም በአንገታቸው ወይም በግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው ነበሩ። አንዳንዶቹ እንደተናገሩት መስቀሉ የተነቀሰው በክርስቲያን አካባቢ ተመሳስሎ ለመኖር ነው፤ ለሌሎቹ ደግሞ የአገሩ ጌጥ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ እነዚህ ሴቶች ንቅሳታቸውን ይዘው ሄዱ። ጎንደር ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ምልክት በዚያ አገር ጥያቄ አስነሣ፦ አይሁዳዊት ከሆንሽ በግንባርሽ ላይ ያለው መስቀል ምንድን ነው? ዕድሜ ልካቸውን ኦሪትን ጠብቀው፣ በዚህም ምክንያት በአገራቸው ተገልለው የኖሩ ሴቶች፣ እደርሳለሁ ሲሉ በኖሩበት ምድር ላይ ስለ እምነታቸው ማስረጃ እንዲያቀርቡ ሆኑ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አደረጉ። ከሴት ልጆቻቸው ጋር ሐኪም ቤት ሄደው በሌዘር ጨረር ያስለቀቁም አሉ። ጨረሩ ጥላሸቱን ይሰባብረዋል፤ የተሰባበረውን ገላው ቀስ በቀስ ያስወግደዋል፤ አንድ ጊዜ ስለማይበቃም መመላለስ ይጠይቃል። «በምን ይለቃል?» ለሚለው የጋይንቷ እናት ጥያቄ መልሱ ይህ ኖሯል።

ዛሬ በአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መርፌና በተዘጋጀ ቀለም የሚነቅሱ ቤቶች አሉ። ወጣቱ በክንዱ ላይ የአንበሳ ምስል፣ የግዕዝ ፊደል፣ የላሊበላ መስቀል ያስነቅሳል። ነገር ግን ይህን ንቅሳት ብሎ የሚጠራው ጥቂት ነው፤ ስሙ «ታቱ» ነው። ቃሉ ከሩቅ መጥቷል። የእንግሊዛዊው ጄምስ ኩክ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1769 ታሂቲ ስትደርስ ከደሴቱ ሰዎች «ታታው» የሚለውን ቃል ሰምተው ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ከዚያም ዓለምን ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከታሂቲ የተነሣ ቃል ለአያቷ አንገት ስም አይሆንም፤ የአያቷም ስም ለልጅ ልጇ ክንድ አይሆንም። ሥራው አንድ ሆኖ ስሙ ለሁለት የተከፈለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። «ንቅሳት» ስንል የገጠሯን አሮጊት እናያለን፤ «ታቱ» ስንል ገንዘብ ከፍላ፣ ንድፍ መርጣ፣ በፈቃዷ የተነቀሰች የከተማ ልጅ እናያለን። የመጀመሪያዋም በፈቃዷ ሊሆን እንደሚችል አናስብም። በእርግጥ ሁለተኛዋም ከፍርድ አላመለጠችም። የሥራ ቅጥር ላይ እጅጌዋን ታወርዳለች፤ ሠርግ ሲደርስ ቤተሰብ ይነጫነጫል፤ ሱሰኛ ናት፣ ዋልጌ ናት የሚል አይጠፋም። አያቷን ያልሠለጠነች ያሰኛት መርፌ እርሷን ከልክ በላይ የሠለጠነች ያሰኛታል።

የሥነ ጥበብ ሰዎችንና መምህራንን ሊያሳስባቸው የሚገባው ግን ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል። ስፌቱ፣ ጥልፉ፣ የአንገት መስቀሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ ንድፉን የሚያጠና ተማሪ ሄዶ ያየዋል። የአንገት ንቅሳት ግን በሙዚየም አይቀመጥም። ገላው ሲያልፍ ንድፉ አብሮ ያልፋል። ነቃሾቹ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም የሉም። የልጆቻቸው ልጆች ሙያውን አልተማሩም። በየወረዳው ያለ መምህር ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ የአካባቢውን አሮጊቶች ንድፍ ቢያነሣ፣ ከጎኑም በስንት ዓመታቸው፣ በማን እጅ፣ ለምን እንደተነቀሱ ቢጽፍ በቂ ነው። ሥዕል መቻል እንኳ የግድ አይደለም፤ መስመርን በመስመር መገልበጥ ነው።

እናቴ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር የኖረችው በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ነበር። አንገቷና ግንባሯ ተነቅሶ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን ወደ ላይ ሰብሰብ፣ ሻሿን ወደ ታች ዝቅ ታደርግ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደምታደርገው ግን ጠይቄአት አላውቅም። የግንባሯ መስቀል ትዝ ይለኛል። በአንገቷ ላይ የነበሩት ረድፎች አምስት ይሁኑ ስድስት፣ መስቀሎቹ ከላይኛው ረድፍ ይሁኑ ከታችኛው፣ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። በእጄ የቀረው ፎቶግራፍ አንድ ነው፤ በእርሱም ላይ አንገቷ በነጠላ ተሸፍኗል።